እንቁላሉ ጫጩት ይሁን
ስለ ወጣቶቻችን የገንዘብ አያያዝና የሥራ ዝግጁነት ትምህርት በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የሥራ አመራር ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «ወጣቶቻችንን ስለ ገንዘብና ስለ ሥራ እንዴት እናስተምር?» የሚል ነው። ርዕሱ ሰፊ ቢሆንም ከፊታችን ያለው ውሳኔ ጠባብ ነው። ባለን በጀት ብዙ ልጆች ሰብስበን የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥተን የምስክር ወረቀት ማደል እንችላለን። ወይም ጥቂት ልጆች ይዘን ዓመቱን ሙሉ አብረናቸው መዝለቅ እንችላለን። እኔ ለሁለተኛው ልሟገት ነው የቆምኩት። ምክንያቴንም በሒሳብ ላስረዳችሁ። አትፍሩ፣ ሁላችንም በእቁብ የለመድነው ዓይነት ሒሳብ ነው።

ከእቁባችን ልጀምር። 20 ሴቶች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ፣ ዕጣ የወጣላት 10,000 ብር ታነሣለች። የመጀመሪያዋ ዋስ ጠርታ ያለ ወለድ ተበደረች ማለት ነው። የመጨረሻዋ ደግሞ ያለ ወለድ ቆጠበች። ሁለቱም እኩል 10,000 ብር አነሡ። በመሐል ግን የጤፍና የዘይት ዋጋ ከጨመረ፣ የኋለኛዋ ብር የሚገዛው ከፊተኛዋ ያነሰ ነው። ይህን የማታውቅ እናት እዚህ የለችም፤ «እባካችሁ ዘንድሮ አስቀድሙኝ» እያልን የምንለማመጠው ለዚህ አይደል? ልጆቻችን ግን እቁቡ ሲጠጣ ቡና እያቀረቡ ነው ያደጉት እንጂ፣ ሒሳቡን አጠገባችን ቁጭ ብለው አልሠሩትም።

ባንክም ቢሆን ሒሳብ አለው። ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የሚከፈል ወለድ በዓመት ከ7 በመቶ እንዳያንስ የወሰነው በ2010 ዓ.ም. ነው። በ7 በመቶ 10,000 ብር ያስቀመጠች ልጅ በዓመቱ 10,700 ብር ታገኛለች። በ2014 ዓ.ም. እንዳየነው ግን ዋጋ በዓመት በ30 በመቶ ቢጨምር፣ ትናንት በ10,000 ብር ይገዛ የነበረ ዕቃ 13,000 ይገባል። እንግዲህ «ቆጥቡ፣ ቁጠባ ጥሩ ነው» ብለን ብቻ ብንሸኛቸው፣ ከዓመት በኋላ ዋሾዎች እንሆናለን። ልናስተምራቸው የሚገባው ለምን እንደሚቆጥቡ፣ ለስንት ጊዜ፣ የትስ እንደሚያስቀምጡ ነው። ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ ቶሎ የሚወጣበት ቦታ ይቀመጣል። ለልብስ ስፌት መኪና የታሰበ ገንዘብ ግን እንደሞላ መኪናውን ይግዛ እንጂ ባንክ አይተኛ።

አሁን ወደ ሥራው ልሂድ። አንዲት ልጅ በወር 6,000 ብር ተቀጠረች እንበል። ቤት ስትመጣ «6,000 ብር ነው» ትላለች፤ እኛም 6,000ውን በልባችን እናከፋፍላለን። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ግን ያልጠበቅነው ቁጥር ይመጣል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ቀጥሎ ካለው 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር ይቆረጣል። ከመጨረሻው 2,000 ላይ ደግሞ 20 በመቶ፣ 400 ብር። ጡረታ ከደመወዟ 7 በመቶ፣ 420 ብር ነው፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርላታል። እጇ የሚገባው 4,880 ብር ነው።

አላለቀም። በቀን ለታክሲ 60 ብር፣ ለምሳ 100 ብር ብታወጣ፣ በ26 የሥራ ቀን 4,160 ብር ይሆናል። የቀራት 720 ብር ነው። ከዚህ ላይ ልብስ፣ የስልክ ካርድና የቤት እገዛ አለ።

ይህን ሒሳብ ከመቀጠሯ በፊት የሠራች ልጅ ምሳዋን ከቤት ትቋጥራለች፣ ወይም ለቤቷ የሚቀርብ ሥራ ትፈልጋለች፣ ወይም ለስድስት ወር ሙያ ለመልመድ ብላ ዐውቃ ትገባበታለች። ሒሳቡን ያልሠራች በሁለተኛው ወር ተስፋ ቆርጣ ትወጣለች። እኛም «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» እንላለን።

ስለዚህ ጉዳይ በአገራችን የተደረገ ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ምሁራን፣ በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ውጤቱን በ2018 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ለአንዳንዶቹ በዕጣ የፋብሪካ ሥራ ተሰጣቸው፤ ከእነዚህ 77 በመቶው ዓመት ሳይሞላቸው ወጡ። ለሌሎቹ ደግሞ 300 ዶላር ገደማ መነሻ ገንዘብና የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ የእነዚህ ገቢ በዓመቱ በአንድ ሦስተኛ ጨመረ። ይሁንና ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቋቸው፣ ያ ልዩነት ጠፍቶ ሁሉም ተቀራርበው ተገኙ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጅን ሥራ ማስገባት ብቻውን ግብ አይሆንም፤ ገብታ ምን ታገኛለች፣ ምንስ ትማራለች ብለን መጠየቅ አለብን። ሁለተኛ፣ መነሻ ገንዘብ መስጠት ይረዳል፤ ግን አንድ ጊዜ ሰጥቶ ዘወር ማለት አይበቃም።

ከሌላ አፍሪካዊ አገር ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ላካፍላችሁ። ጋና ውስጥ በበርካታ ትምህርት ቤቶች ልጆች በሣጥን እንዲቆጥቡ ተደረገ። ከፊሎቹ ስለ ገንዘብ ብቻ ተማሩ። ሌሎቹ ከገንዘቡ ጋር ስለ ራሳቸው፣ ስለ መብታቸውና ስለ ኃላፊነታቸውም ተማሩ። ሁለቱም ትምህርት ቤት ውስጥ መቆጠብ ጀመሩ። ስለ ገንዘብ ብቻ የተማሩት ግን ለገንዘብ ብለው መሥራትም አብዝተው ተገኙ። እኛ ሠፈር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስምንተኛ ክፍል ያለች ልጅ ብር ብር ብር ብለን ካስተማርናት፣ ደብተሯን ጥላ ደላላ ዘንድ ብትሄድና ዐረብ አገር ብትመኝ አይግረመን። ገንዘብን የምናስተምራት ትምህርቷን እንድትጨርስበት እንጂ እንድትተውበት አይደለም።

አሁን ለማለት ወደሚከብደኝ ነገር ደረስኩ። የምናገረው ለእናቶች ስለሆነ በፍቅር ስሙኝ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን ነው ልጆቻችንን ያሳደግነው። ተረቱ እውነት ነው። ግን እንቁላሉ ጫጩት ሳይሆን ለወጥ ከተሰበረ በምን እግሩ ይሄዳል? ልጅቷ ስድስት ወር ያጠራቀመችው ገንዘብ የቤት ኪራይ ሲጎድል ይወሰዳል። ለወንድሟ መመዝገቢያ ይወሰዳል። ለሠርግ፣ ለተዝካር ይወሰዳል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የባንክ ሒሳብ የሚያንቀሳቅሰው በአብዛኛው በወላጅ ወይም በአሳዳጊ በኩል ስለሆነ፣ ለመውሰድም አይቸግርም። የሚወስድ እናት ክፉ አይደለችም፤ ቸግሯት ነው። ልጅቷ ግን አንድ ነገር ተማረች፦ የተጠራቀመ ገንዘብ የእኔ አይደለም፣ የሚሻለው እጄ ሲገባ ማጥፋት ነው። ይህን ትምህርት ማንም አሠልጣኝ በሁለት ቀን አያስለቅቃትም።

ብዙ ጊዜ የሚነካው የሴቷ ቁጠባ መሆኑንም ልብ በሉ። ወንዱ ልጅ «ለመነገጃዬ ነው» ሲል ይከበርለታል። እሷ «ለኮርስ መክፈያዬ ነው» ስትል «እስቲ አሁን ይህን እንለፈው፣ በኋላ እንተካልሻለን» ትባላለች። ስንቱን ተክተናል?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው።

ልጆቹ የራሳቸው የቁጠባ ቡድን ይኑራቸው፤ ገንዘቡን እኛ አንያዝላቸው። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ከመካከላቸው ይምረጡ። በ1991 እ.ኤ.አ. ኒጀር ውስጥ ኬር ከተባለው ድርጅት ጋር የጀመሩ የገጠር ሴቶች ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የተዛመተ ሥርዓት ትተውልናል። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱን ቁልፎች ሦስት ሰዎች ይይዛሉ፤ ሣጥኑ የሚከፈተው ሁሉም በተሰበሰበበት ነው፤ ብሩም በሁሉም ፊት ይቆጠራል። ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ድርሻውን ይወስዳል። በሳምንት 20 ብርም ቢሆን መቁጠርን፣ መመዝገብን፣ ማበደርንና «ዛሬ አይቻልም» ማለትን የሚማሩት እዚያ ነው። ገንዘቡ ሲበረክት ባንክ ይግባ።

እያንዳንዷ እናት ከልጇ ጋር ስምምነት ታድርግ። ከምታገኘው ይህን ያህሉ ለቤት ነው፤ ይህን ያህሉ ደግሞ የእሷ ነው፣ አይነካም ብላችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። ለቤት ማገዝ ያኮራል፤ ልጆቻችን እንዲተዉት አንፈልግም። መጠኑ ግን አስቀድሞ ይታወቅ። ቤት ውስጥ ድንገተኛ ችግር ከገጠመ ደግሞ ወደ ልጅቷ ሣጥን ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ማኅበራችን የብድር ሣጥን ኑ። እኛ የተሰባሰብነው ለዚህ ነው።

የሥራ ዝግጁነቱም በተግባር ይሁን። ከመካከላችን ልብስ ሰፊ አለች፣ ጸጉር ቤት ያላት አለች፣ ዳቦ ቤት፣ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ያላት አለች፣ ቢሮ የምትሠራም አለች። እያንዳንዳችን በዓመት አንድ ልጅ ለጥቂት ሳምንታት እንያዝ። በሰዓቱ መገኘትን፣ ደንበኛ ማናገርን፣ ሒሳብ መዝጋትን፣ ሲሳሳቱ ሳይደብቁ መናገርን ከእኛ ይልመዱ። ሲጨርሱም ስለ ሥራቸው እውነተኛ የምስክርነት ደብዳቤ እንጻፍላቸው። ሲቪ ላይ የሚጻፍ ነገር የሚያገኙት ከዚያ ነው።

መብታቸውንም አስቀድመው ይወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ይህን የምታውቅ ልጅ አሠሪዋን ሳታስቀይም በጨዋ ቋንቋ ትጠይቃለች። እኛም ሠራተኛ የቀጠርን አባላት ይህን አዋጅ ከራሳችን ቤት እንጀምረው።

ስልኩንም አንርሳ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የልጆቻችን ቦርሳ ስልካቸው ውስጥ ገብቷል። «ሽልማት ደርሶሻል፣ የምስጢር ቁጥርሽን ንገሪኝ» የሚል ሰው ሌባ ነው። «ሁለት ሰው ካመጣሽ ገንዘብሽ እጥፍ ይሆናል» የሚልም እንዲሁ። ልጆቹ ይህን እርስ በርስ እየተጫወቱ፣ አንዱ አታላይ አንዱ ተታላይ እየሆኑ ይለማመዱት። ዐሥር ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ እምቢ ብሎ መለማመድ ይሻላል።

በመጨረሻ ለደጋፊዎቻችን። በየዓመቱ የምንልክላችሁ ሪፖርት «ስንት ሠለጠኑ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። ትልቅ ቁጥር ሲታይ ደስ ይላል። የእኔን ሐሳብ ከተቀበልን ግን በመጪው ዓመት የምንልክላችሁ ቁጥር ትንሽ ይሆናል፤ ይህን አስቀድሜ ልነግራችሁ ይገባል። በምትኩ ሌላ ጥያቄ ጠይቁን። ከዓመት በኋላ ቁጠባዋ በስሟ ያለ ስንት ልጅ አለች? ሥራ ላይ የቆየችው ስንት ናት? የወጣችውስ ተስፋ ቆርጣ ነው ወይስ የተሻለ አግኝታ? ትምህርቷን የቀጠለችው ስንት ናት? በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን ልጆቹን ለመከታተል የሚሆን ደመወዝ፣ ለአንዲት አስተባባሪና ለትራንስፖርቷ እንድትረዱን እንጠይቃለን። ለአዳራሽ ኪራይና ለቆብ የሚወጣው ወደዚያ ይዙር።

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዚህ ጉዳይ ድምፅ እንሰጣለን። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አጠገባችሁ ካለችው እህት ጋር አንድ ነገር ተነጋገሩ፦ በቤታችሁ ያለችው ልጅ ዛሬ የማይነካባት ስንት ብር አላት? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ሥራው የሚጀመረው ከእኛው ቤት ነው።