ከተቅማጥ በኋላ የሚመጣ ሽባነት



ከጎንደር ወደ ስሜን የሚያመራው መንገድ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። በዚያ ደጋ ሌሊቱ ብርዳም ነውና ገበሬው ዶሮውን ከቤት ማሳደሩ የተለመደ ነው። ዶሮ ደግሞ ካምፒሎባክተር ጀጁኒ የተባለውን ባክቴሪያ ራሷ ሳትታመም በአንጀቷ ትሸከማለች። ባክቴሪያው ሰውን ሲይዝ ትኩሳት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ አብዛኛው ሕመምተኛም በሳምንት ገደማ ይድናል።

ጥቂቱ ግን ተቅማጡ ከያዘው ከ1 እስከ 3 ሳምንት በኋላ እግሩ ይዝልበታል፤ ድካሙም ወደ ላይ ይወጣል። ይህ በ1916 እ.ኤ.አ. ጊላን፣ ባሬና ስትሮል የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች የገለጹት ሕመም ነው። በባክቴሪያው ልባስ ላይ ያለው የስኳር ሰንሰለት፣ በሰው የእንቅስቃሴ ነርቭ ላይ ከሚገኘው ጂኤም-1 ጋንግሊዮሳይድ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ስለዚህ ሰውነት በባክቴሪያው ላይ ያዘመተው አንቲቦዲ ነርቩንም ይወጋዋል፤ ሌባን በጋቢው ብቻ የለየ ዘበኛ፣ ያንኑ የመሰለ ጋቢ የለበሰውን ባለቤት እንደሚደበድብ ማለት ነው። በሰሜን ቻይና ገጠር በየበጋው ሕፃናትን ሽባ ያደርግ የነበረው ሕመም ከዚሁ ባክቴሪያ ጋር የተያያዘ መሆኑ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተገልጿል።

በጎንደር አገር እግሩ የከዳው ሰው ሲመጣ አስቀድሞ የሚታሰበው ጓያ ነው፤ ደምቢያና ፎገራ በዚህ ብዙ ተጎድተዋልና። ይሁን እንጂ በጓያ የተጎዳ እግር ግትር ነው፤ ጅማቱ በመዶሻ ሲመታም በኃይል ይፈናጠራል። የዚህኛው ሕመምተኛ እግር ልፍስፍስ ነው፤ ቢመታም አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም።

ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በድንገት ሲልፈሰፈስ ለፖሊዮ ቁጥጥር ሁለት የሰገራ ናሙና ይላካል። አፍሪካ ከተፈጥሮ ፖሊዮ ነፃ መሆኗ በ2020 እ.ኤ.አ. ቢረጋገጥም ቁጥጥሩ አልቀረም፤ መቅረትም የለበትም። ነገር ግን ናሙናው ተላከ ተብሎ ልጁ ከተዘነጋ፣ መልሱ ሳይመጣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ሕመሙ የሚገድለው በዋነኛነት የመተንፈሻ ጡንቻን ሲያደክም ነውና።

ስቴሮይድ አይጠቅመውም። ኢሙኖግሎቡሊንና የፕላዝማ ልውጫ ይረዳሉ፤ ዋጋቸው ግን ከብዙው ሕመምተኛ አቅም በላይ ነው። በጤና ጣቢያ ሊደረግ የሚቻለው ያለ መሣሪያ የሚሠራ ነው፤ ይኸውም ስለ ያለፈው ወር ተቅማጥ መጠየቅ፣ ሕመምተኛውንም በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር ማድረግ። ጧት 30 የቆጠረ ጎልማሳ ማታ 20 መድረስ ካቃተው፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ የመተንፈሻ መሣሪያ ወዳለበት ሆስፒታል መላክ አለበት።