ከሱስ ለተመለሰ ሰው በራችን ክፍት ይሁን



ከሱስ መላቀቅ ሕክምናው ሲያበቃ አያበቃም። ከባዱ ጊዜ ሰውየው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ነው። ስለዚህ ፈቃደኞቻችን ቤቱ ድረስ እየሄዱ ይጠይቁታል፤ ቡና አብረውት ይጠጣሉ፣ ቀጠሮውን ያስታውሱታል፣ ወደ ኩፓት ሆሊምም አብረውት ይሄዳሉ።

ከእናንተ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በሰርግም ሆነ በተዝካር «አንድ ብርጭቆ ምን ይለዋል» አትበሉት።

ሁለተኛ፣ ያለፈውን እያነሳችሁ አታሳፍሩት።

ሦስተኛ፣ ቢያገረሽበት አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በተለይ ሄሮይን ትቶ የቆየ ሰው ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም፤ ያንኑ ያህል ቢወስድ ሊሞት ይችላል። ራሱን ስቶ ካገኛችሁት «ጎረቤት ምን ይለናል» ሳትሉ ወዲያውኑ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ በ101 ደውሉ።

ሐሜት ያልፋል፤ ልጅ ግን አይተካም።