ለሕፃናት ስለሚገባ መጽሐፍና ስለ ንባብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ትምህርት ቤት ስለ ገቡት ትንንሽ ልጆቻችሁና በእጃቸው ስለምታኖሩት መጽሐፍ ነው።

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈውን የጃንደረባውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም የነበረው ይህ ኢትዮጵያዊ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ጥምቀቱ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ከጥምቀቱ በፊት ያለውን እንመልከት። ሰውዬው ድምፁን እያሰማ ያነብ ስለ ነበረ ፊልጶስ ሲቀርብ ንባቡን ሰማው፤ የሚያነበው ነገር ገብቶት እንደ ሆነም ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል በሚል አሳብ መልሶ፣ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስ መጽሐፉን ከእጁ አልነጠቀውም፤ ባለማወቁም አልዘለፈውም፤ ካነበበበት ከዚያው ስፍራ ጀምሮ አስረዳው እንጂ። ለእንዲህ ያለ ታላቅ ሹም አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ካስፈለገው፣ ለ7 ዓመት ልጅማ ምንኛ ያስፈልገው ይሆን?

ከእኛ ብዙዎቹ ግን ደብተርና የደንብ ልብስ ገዝተን ልጁን ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ካደረስነው በኋላ የቀረው የመምህሩ ዕዳ ነው እንላለን። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ፈተና ከሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ሲሶ የሚያህሉት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች አይደሉም፤ በየዕለቱ ከክፍል የሚውሉ ናቸው።

አባቶቻችን በአብነት ትምህርት ቤት ያቆሙትን ሥርዓት ብንመረምር ለዚህ ነገር ትልቅ ማስተዋል እናገኝበታለን። ፊደል የለየውን ልጅ ወዲያው ወደ ዳዊት አያገቡትም። አስቀድመው የዮሐንስን መልእክት ይሰጡታል፤ ቃሉ የሚመላለስ ስለ ሆነ ዓይኑም አንደበቱም ይለምደዋል። ከዚያ ወደ ወንጌል፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራል። ንባቡም ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እየተባለ በደረጃ የተከፈለ ነው። ዳዊት የደገመ ዕለት በቤቱ ድግስ ይደገስለታል፤ ጎረቤትም ይጠራል።

ነገር ግን ሳንሸሽግ እንናገር፤ ልጁ ያን ሁሉ ግዕዝ የሚዘልቀው ትርጉሙን ሳያውቀው ነው። ትርጓሜ የሚመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ያውም በትምህርት ለጸናው ብቻ ነው። የቀሩት ዳዊታቸውን ደግመው ወደ እርሻቸውና ወደ ንግዳቸው ሄዱ፤ አንደበታቸው የሚያውቀውን ልባቸው ሳይሰማው ብዙዎች አረጁ። ስለዚህ ደረጃውን ከአባቶች እንውሰድ፤ ትርጉሙን ግን ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንጨምርበት።

መጽሐፉ ለልጁ የሚመጥን መሆኑን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ልጁ አንድ ገጽ ድምፁን እያሰማ ያንብብላችሁ፤ የማያውቀው ቃል በገጠመው ቁጥር አንድ ጣቱን እያጠፈ ይቁጠር። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ገና ይከብደዋልና ለጊዜው ይቀመጥለት፤ ወይም እናንተ አንብቡለት። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ወተትና ስለ ጠንካራ መብል የጻፈውን እዚህ ላይ ማሰብ ይገባል። ከንባቡም በኋላ ታሪኩን በራሱ ቃል ይንገራችሁ፤ መናገር ካቃተው ያነበበው ፊደሉን ብቻ ነው።

አንዳንድ መንፈሳውያን ወላጆች ለልጆቻቸው ከጸሎት መጽሐፍ በቀር ሌላ አይገዙም፤ ቀበሮና ቁራ የሚነጋገሩበት ተረት ከንቱ ነው ይላሉ። ትጋታቸውን እናከብራለን፤ ፍርዳቸውን ግን አንቀበለውም። መጽሐፈ መሳፍንትን በምዕራፍ 9 ቢገልጡት ዛፎች ንጉሥ ፍለጋ ሲሄዱ፣ ወይራና በለስ ወይንም እንቢ ሲሉ፣ በመጨረሻ እሾህ ሲነግሥ ያገኛሉ። ይህን ተረት የተናገረው ኢዮአታም ነው፤ የተናገረውም ስለ ግፍና ስለ ደም ነው። የክቡር ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»፣ የሐዲስ ዓለማየሁም «ተረት ተረት የመሠረት» ከክርስቲያን ቤት የሚባረሩ መጻሕፍት አይደሉም።

ሌሎች ደግሞ ክፉ ሰው የተጻፈበትን መጽሐፍ ሁሉ ይሸሻሉ። እንዲህ ከሆነ መጻሕፍተ ነገሥትን መዝጋት ሊኖርብን ነው! መመርመር የሚገባው መጽሐፉ ልጁን ምን እንዲወድ፣ በማን ላይም እንዲስቅ እንደሚያደርገው ነው። በዕውር፣ በአንካሳ፣ በድሃ ወይም በሌላው ነገድ የሚያሳልቅ መጽሐፍ ሥዕሉ ቢያምር፣ ስመ እግዚአብሔርም ቢጠራበት ከቤታችሁ አይግባ።

ልጁ ባጠፋ ጊዜም «ቅጣትህ ነው፤ ተቀምጠህ አንብብ» አትበሉት። አለንጋና መጽሐፍ በአንድ ቀን ከመጡበት ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጠላቸዋል። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «አንብብ» የሚል አባትም ልጁ የሚያየውን እንጂ የሚሰማውን እንደማይከተል ይወቅ።

«እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ምን ላድርግ?» የምትል እናት እየሰማችን ይሆናል። እርስዎ እመቤቴ፣ ከሁሉ የሚሻለው ድርሻ በእጅዎ ነው። ማታ ሥራ ሲያልቅ «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ» ይበሉት። ሲሳሳት ባያርሙትም፣ ገጹ ሲያልቅ «ከዚያስ ምን ሆነ? ለምን እንዲህ አደረገ?» ብለው ይጠይቁት፤ ይህ የፊልጶስ ጥያቄ ነው። ጢሞቴዎስ ሃይማኖትን የወረሰው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እንደ ሆነ ተጽፎልናል። የቅዱሳንን ገድል በቃል የምታውቅ አያት ካለችማ ልጁ ሲያነብ የጎደለውን ትሞላለታለች፤ እርሱም እርሷን ማስደሰቱን ሲያይ ነገ ሳይታዘዝ መጽሐፉን ይዞ ይመጣል።

የመጽሐፍ ዋጋ እንደ ከበደ እናውቃለን። በሳን ፍራንሲስኮ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ያገለገሉት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ጥቂት ቆይቶም በአዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ተጭነው ልጆች ወዳሉበት ይሄዱ ጀመር። ጌታ በሆሣዕና የተቀመጠባት እንስሳ ለዚህም አገልግሎት መመረጧ ደስ ያሰኛል።

በየአጥቢያው ያላችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላትም ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ አንድ ቁም ሣጥን ብታኖሩ፣ ምእመናንም ልጆቻቸው አንብበው የጨረሷቸውን መጻሕፍት ቢሰጡ፣ ከቅዳሴ በኋላ አንዱ ወጣት ተቀምጦ ቢያውስ ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ግን መጻሕፍቱ ያረጁብኛል ብሎ ለሚሳሳ ሰው አትስጡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።