ለጥሎ ማለፍ ግጥሚያ መዘጋጀት
(በአምባራስ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት የፊታችን እሑድ ቡድናችን ወደ ደባርቅ ወርዶ የጥሎ ማለፍ ግጥሚያውን ያደርጋል። ስለ ዝግጅቱ እንድናገር የተጋበዝሁት የኳስ ሊቅ በመሆኔ ሳይሆን፣ ያለፈውን ዓመት ቡድን ካዘጋጁት አንዱ በመሆኔ ነው። በዙር ውድድር የዛሬን ስሕተት በሚቀጥለው ሳምንት ማረም ይቻላል። በጥሎ ማለፍ ግን የሚቀጥለው ሳምንት የለም። ስለዚህ ስሕተቱ መታረም ያለበት ከግጥሚያው በፊት ነው።

ባለፈው ዓመት 90 ደቂቃውም ተጨማሪው 30 ደቂቃም ያለ አሸናፊ አለቀ። ፍጹም ቅጣት ምት ሲታዘዝ አምስቱ መቺዎች እነማን እንደ ሆኑ አልወሰንንም ነበር። በሜዳው መካከል ቆመን ስንከራከር፣ በዕድሜ ከሁላችን የሚያንሰው ልጅ «አልመታም» ማለትን አፍሮ ኳሱን ተቀበለ፤ ሳተም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልምምድ አልመጣም። «እርሱ አስበላን» የሚል ቃል ከብዙዎቻችን አፍ ወጥቷል። እውነቱ ግን ያስበላነው ሳንዘጋጅ የሄድነው እኛ መሆናችን ነው። በሙያችንም ቢሆን አስቀድሞ ያልታሰበ ጭነት በመጨረሻ የሚያርፈው ደካማው ላይ ነው።

ዝግጅት ማለት ምን እንደ ሆነ ከሀገራችን ታሪክ እንመልከት። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ በሱዳን ሜዳ ተጋጥሞ 5 ለ 3 ተሸነፈ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለተደረገው የመልስ ግጥሚያ ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ድምር ውጤቱ እኩል ቢሆን ከሜዳ ውጪ ያገባነው ሦስት ጎል ብልጫ ስለሚሰጠን፣ 2 ለ 0 ይበቃል፤ 1 ለ 0 አይበቃም፤ ሱዳን አንድ ካገባች ደግሞ ሦስት ያስፈልጋል። እንግዲህ ማጥቃቱን ያህል መጠበቁም ግዴታ ነበር። የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን የመጀመሪያውን አጋማሽ ያለ ጎል ፈጽሞ፣ ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ። ኢትዮጵያም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። እኛም ስንመራ፣ ስንመራቸውና እኩል ስንሆን ማን ወደ ፊት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀር ከወዲሁ እንወስን።

ስለ መንፈስ ዝግጅት የሚያስተምረን ደግሞ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅ፣ ሁለት ጊዜ መራች። የመጀመሪያውን ጎል ግርማ ተክሌ እንደ መለሰ ወዲያው ሁለተኛው ገባብን፤ እርሱንም አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ መለሰው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አሸነፍን። ከዚህ የምማረው ጎል ከገባ በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች አደገኛ መሆናቸውን ነው፤ ያገባውም የተገባበትም ልቡ ከቦታው ይለቃልና። በእነዚያ ደቂቃዎች ሁሉን ወደ ቦታው የሚመልስ አንድ ሰው እንሹም።

ተጋጣሚዎቻችን ከሊማሊሞ በታች ካለው ቆላ ይመጣሉ። እኛ ያለንበት አምባራስ ከ3000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ደባርቅ ዝቅ ብትልም ደጋ ናት፤ ፈጥኖ የሮጠ እንግዳ ትንፋሹ ቶሎ አይመለስለትም። ኳስም በሳሳ አየር ርቃ ትሄዳለች። ስለዚህ በአጭር ቅብብል ከመስመር ወደ መስመር እናሩጣቸው፤ ሁለት ተቀያሪዎችንም ለመጨረሻው ሰዓት እናቆይ። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ጎል አያገባም፤ ድካም እኛንም ያገኘናል።

በመጨረሻ ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ልመለስ። በ1980 ዓ.ም. ሀገራችን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 በመርታት ነበር። ርቀቱ 11 ሜትር ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ በ0.4 ሰከንድ ያህል ትደርሳለች። በረኛው ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ መቺው ግን አለው፤ የሚጎዳውም በዚያ ጊዜ ሐሳቡን ሲለውጥ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መቺ ማዕዘኑን ከዋዜማው ይምረጥ፤ ልምምዱንም ሲደክመው ያድርግ። ስሙ የሚጻፈው በፈቃዱ ብቻ ይሁን፤ «አልመታም» ማለትም ነውር አይሁን።

ከዚህ ስብሰባ በኋላ ወደዚያ ልጅ ቤት ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ቢኖር ደስ ይለኛል። ዝርዝሩንም ዛሬ ማታ እንጻፍ፤ የመጀመሪያው ስም የእኔ ይሁን።