«ተበላሽቷል» ያለችን ልጅ

በሽንፋ በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ትንንሽ ልጆቻችንን የምግብ አያያዝ ስለ ማስተማር ነው። ከራሳችን ጥፋት ብንጀምር ይሻላል።

ባለፈው ክረምት ለሰሊጥ አረም በወጣንበት ሰሞን፣ ከመካከላችን የአንዷ የሰባት ዓመት ልጅ ጠዋት የተተወላትን ሽሮ ከሰዓት በኋላ ከፍታ ብታይ ሽታው ተለውጦ አገኘችው። ለውሻ ደፋችው። ማታ ስንመለስ «እህል እንዴት ትደፊያለሽ!» ብለን ተቆጣናት። በሳምንቱ ያው ነገር ሲገጥማት ዝም ብላ ለታናሽ ወንድሟ አጎረሰችው። ልጁ ሌሊቱን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው አደረ። ጤና ጣቢያ አድርሰነው በኦአርኤስ ተረፈልን። ለምን እንዳጎረሰችው ብንጠይቃት «ብደፋው ትቆጡኛላችሁ» አለች። ያቺ ልጅ ትክክል ነበረች፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።

አገራችን ቆላ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የበሰለ ምግብ ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል ጀርም የሚራባበት ጊዜ ይጀምራል። የጤና ባለሙያዎች የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ይላሉ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ። ደግሞም ብዙዎቻችን «አሙቀን ብንበላው ምን ይለናል?» እንላለን። አንዳንዱ ጀርም ምግቡ ውስጥ የሚተወው መርዝ ግን ወጡ ዳግመኛ ቢፈላም አይጠፋም። ሽታው ያልተለወጠ ምግብም ሊያሳምም ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በተበከለ ምግብ ምክንያት በየዓመቱ 420,000 ሰው ይሞታል፤ ከእነዚህ ውስጥ 125,000ዎቹ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። እኛም በሩቅ የምንሰማው ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ እዚሁ መተማ ወረዳ፣ በኩመር የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ገብቶ ነበር። የተበከለ ውኃና ምግብ ምን እንደሚያመጣ ጎረቤታችን ላይ አይተናል።

ታዲያ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ እንዴት ይነገረዋል? እኛ በእጁ ጣቶች እያስቆጠርን ነው የምናስተምረው።

አውራ ጣት፦ ታጠብ። ምግብ ከመንካትህ በፊት፣ ከሽንት ቤት ስትመለስም በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ።

ሌባ ጣት፦ ክደን። ዝንብ ያረፈበት ምግብ የኛ አይደለም።

መሐል ጣት፦ ለይ። ጥሬ ሥጋና የበሰለ ምግብ አንድ ዕቃ ውስጥ አይገቡም። የአረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ደግሞ መቶ ጊዜ ቢታጠብም ውኃም ዘይትም አይቀዳበትም። ይህንን ልጆቹ ከመልመዳቸው በፊት እኛ ጀሪካኑን ቀዳደን ከቤት ማውጣት አለብን።

የቀለበት ጣት፦ ጥላውን እይ። ልጅ ሰዓት አያውቅም፤ ጥላ ግን ያውቃል። ምግቡ ከእሳት ሲወርድ የቤቱ ጥላ ጫፍ ላይ አንድ ድንጋይ እናኖራለን፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥላው በሚደርስበት ላይ ሁለተኛውን። ጥላው ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ያልተበላው ይነሣል። ደመና በሆነ ቀን ደግሞ በአንድ መቀመጫ ያልተበላ አይቆይም።

ትንሿ ጣት፦ ንገር። «ይህ ተበላሽቷል» በል፤ ማንም አይቆጣህም።

ከአምስቱ ለኛ የከበደችን ትንሿ ጣት ናት። እህል መድፋት ነውር ነው ተብለን አድገናልና የሻገተውን እንጀራ እንኳ ላዩን ፍቀን እንበላለን። ሻጋታው ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ የላዩ መነሣት አያድንም። ለእህል ያለን ክብር በልኩ በማብሰል ይገለጥ እንጂ የተበላሸውን ልጅ በማብላት አይገለጥ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት እንናገር። ልጁን «ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ አትብላ» ብለን አስተምረን፣ በማለዳ ወጥ ሠርተንለት እስከ ማታ ብንጠፋ ምን ይብላ? ትምህርቱን አፍርሰን የሄድነው እኛው ነን። ስለዚህ ከልጆቹ ትምህርት ጎን ለጎን ሁለት ነገር እናድርግ።

አንደኛው እናቶቻችን የሚያውቁት ነው። ደረቅ ምግብ ይቆያል። ለትልልቆቹ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ለትንሹ ደግሞ ቆሎ እንዳያንቀው በሶ እንተውላቸው። በሶው የሚበጠበጠው በሚበላበት ሰዓት፣ በፈላ ወይም በታከመ ውኃ ነው። ወጥ ለነገ አይቀመጥ።

ሁለተኛው የምሳ ወንፈል ነው። ለአረምና ለአጨዳ ወንፈል እንገባ የለም? እንዲሁ አምስት ጎረቤታሞች እንሰባሰብና በየቀኑ አንዷ ተራ ገብታ ትቅር፤ ቀትር ላይ ለአምስቱም ቤት ልጆች ትኩስ ገንፎ ወይም ሽሮ ሠርታ ታብላ። የእሷን እርሻ ሌሎቹ ያርሙላታል። ከፊታችን በሚመጣው አረም ይህን እንድንጀምር ለዚህ ስብሰባ እናቀርባለን።

ለጋሾቻችንም አንድ ነገር እንላለን። ስለ ሥልጠናው እናመሰግናለን። ሥልጠና ብቻውን ግን የልጅ ሆድ አይሞላም። ክዳን ያለው ድስት፣ ንጹሕ ጀሪካን፣ ሳሙና ከትምህርቱ ጋር ቢመጣ ትምህርቱ ቤት ውስጥ ይቀራል።

እናቶች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ ልጆቻችንን አንድ ቃል እናስተምራቸው፤ «ተበላሽቷል»። ሲሉንም «ጎሽ፣ ደግ አደረግሽ» እንበላቸው። ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ቃል ከእኛ ሰምታ ቢሆን ኖሮ ወንድሟ ያቺን ሌሊት በሰላም ያድር ነበር።