የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አረጋውያን በቋንቋቸው እናነጋግራቸው
(የማኅበሩ ጸሐፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ያደረገው ንግግር)



በሠፈራችን ከጉራጌ፣ ከወለጋ፣ ከትግራይ መጥተው እዚሁ ያረጁ እናቶችና አባቶች አሉን። የመርሳት በሽታ ሲይዛቸው አንዳንድ ጊዜ በኋላ የለመዱት አማርኛ ቀድሞ ይጠፋና በልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ይናገራሉ። ይኼ እርግማንም እብደትም አይደለም፤ የአንጎል በሽታ ነው። ዋነኛውን ዓይነት ጀርመናዊው ሐኪም አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ገልጾታል።

የሚያመውን መናገር ያቃተው ሰው ሲጮህ ያበደ ይመስላል፤ ምናልባት ግን ጥርሱን ወይም ሆዱን አሞት ይሆናል። ስለዚህ ቋንቋቸውን የምታውቁ ጎረቤቶች ለቡና ብቅ እያላችሁ አጫውቷቸው፤ ጤና ጣቢያም አብራችኋቸው ሂዱ። «ረሱት እንዴ?» እያልን አንፈትናቸው። መንገድ ጠፍቷቸው ያገኛቸው ሰው እቤታቸው ያድርሳቸው። አስታማሚዋም ትደክማለችና ተራ እየገባን እናሳርፋት።

ቋንቋ የምትችሉ እኔ ዘንድ ተመዝገቡ።