የአባቴ ጣልያንኛ



አዘጋጆቹ «አሥር ደቂቃ አለሽ፤ ቀለል ያለ ነገር አውሪ» ብለውኛል። ስለ ሥራዬ ባወራ እንደምትተኙብኝ ስለማውቅ፣ ከቤተሰቤ ጋር ሮም ላይ ስለዋልኩት አንድ ቀን ላጫውታችሁ። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ግቢ ነው።

አንደኛ ዓመት ሳለን መምህራችን ሰሌዳው ላይ የመኪና ክላች ስለው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁና «ፍሪሲዮን!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ የማውቀው የጋራዥ ቋንቋ ነበራ! አባቴ መካኒክ ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቪቴ፣ ቡሎን፣ ፒንሳ ሲባል እንጂ ሌላ ስም ሰምቼ አላውቅም። በዚያን ቀን ከሳቃችሁት ጥቂቶቻችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። ይቅር ብያለሁ።

አባቴ ሙያውን የተማሩት ከጦርነቱ በኋላ አዲስ አበባ ቀርቶ ጋራዥ ከከፈተ አንድ ጣልያናዊ ነው። በ14 ዓመታቸው ገብተው ጎማ ከመንፋት ጀመሩ። ሰውዬው ጩኸታም ነበር፤ ግን እጃቸውን ይዞ ያስተማራቸው እሱ ነው። የአባቴን አባት ደግሞ ጣልያኖች ገድለዋቸዋል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.። አባቴ ያኔ ገና በእናታቸው ማኅፀን ነበሩ። ሁለቱን ነገር እንዴት አንድ ላይ ይዘውት እንደኖሩ ጠይቄያቸው አላውቅም። በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ነበር።

በ2011 ዓ.ም. እኛን ለመጠየቅ ፍራንክፈርት መጡ። ባለቤቴ «ሮም ቅርብ ናት፤ ለምን አንወስዳቸውም?» አለ። እምቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ «መቼ ነው?» አሉ። ግንቦት ላይ ሄድን። 81 ዓመታቸው ነበር።

ያረፍንበት ሆቴል ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወጣንና ቡና ቤት ገባን። እዚያ ሰው ቡናውን ባንኮኒው ላይ ቆሞ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ከተቀመጡ ዋጋው ይጨምራል። አባቴ «እኔ ቆሜ ቡና አልጠጣም» ብለው ተቀመጡ። ማኪያቶ አዘዙ፤ መጣ። ሲኒው ውስጥ አዩና «ሌላውን የት አደረሰው?» አሉ። የጣልያኑ ማኪያቶ ወተት ጠብ የተደረገበት አንድ ጉንጭ ቡና ነው፤ የኛን ወተቱ የበዛ ማኪያቶ የለመደ ሰው ቅር ይለዋል።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙ ቺንኩዌቼንቶ፣ «የአምስት መቶዎቹ» ማለት ነው። የ16 ዓመቷ ልጄ ትምህርት ቤት ጣልያንኛ ትማራለች፤ «የትኞቹ አምስት መቶ?» አለች። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የጨረሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው አልኳት። አባቴ ቆሙ። «ለተሸነፉበት ነው አደባባይ የሰየሙት?» አሉና ሳቁ። እዚያው አቅራቢያ የዶጋሊ መታሰቢያ ሐውልት አለ። ዛሬ ለገሃር ፊት ለፊት የምናየው የይሁዳ አንበሳም ተዘርፎ ቆሞ የነበረው እሱ ሥር ነው። ከባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ባቡር ጣቢያ፣ ተመልሶ ደግሞ ባቡር ጣቢያ።

በሜትሮ ኮሎሲየም ወረድን። ውስጥ አልገባንም፤ ሰልፉ እባብ ነው። አባቴ ግን ዙሪያውን እየሄዱ ድንጋዩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ሲመረምሩ ቆዩ። «እዚህ ጋ ብረት ነበረ። ማን ነቀለው?» አሉ። ልጄ ስልኳ ላይ ፈልጋ አገኘችው፤ ድንጋዮቹን ያያዙትን ብረቶች በመካከለኛው ዘመን ሰዎች እየፈለፈሉ ወስደዋቸዋል። «አላልኩሽም? ብረት የትም አገር ይሰረቃል» አሉ። ከቀኑ ሁሉ በጣም የኮሩት በዚህ ይመስለኛል።

ከኮሎሲየም በእግር ወደ ፖርታ ካፔና ሄድን። የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ የኖረበት ቦታ ነው። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል እንዲመለስ ግዴታ ተገብቶ ነበር፤ የተመለሰው ግን በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ በሦስት ተከፍሎ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ነው። አባቴ ያኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ስለ ክሬኑ ብቻ ሲያወሩ ትዝ ይለኛል። አጠገቡ ያለው ትልቅ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ነው፤ ሲታነጽ ግን ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱ የቆመው እሱ በር ላይ ነው።

አሁን በአደባባዩ ላይ በኒውዮርኩ የመስከረም ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የቆሙ ሁለት ዓምዶች አሉ። መኪና ይተራመሳል። ባለቤቴ ፎቶ ላንሣዎት አላቸው። «ምን አለና?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸው መጡና «እስቲ ምንም የሌለበትን አንሣኝ» አሉት። ያ ፎቶ አለኝ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ ከኋላቸው አስፋልትና ዛፍ ነው።

ምሳ ቴስታቾ በላን። የድሮው ቄራ ሰፈር ነው፤ ከዚያ የተነሣ ምግቡ ጨጓራ፣ አንጀት፣ ጭራ ነው። ሮማውያን ደግሞ ቅዳሜ የጨጓራ ቀን ነው ይላሉ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለ፤ አባቴ ጨጓራውን አዘዙ። በቲማቲም ድልህ ተሠርቶ፣ በናና ዓይነት ቅጠልና በአይብ መጣ። ልጄ ፊቷን አዞረች። እሳቸው ቀመሱና «ቃሪያና ሚጥሚጣ ረስተዋል እንጂ እጃቸው ጥሩ ነው» አሉ። እኔ ፓስታ በላሁ፤ ስለ ፓስታው የምነግራችሁ የለኝም።

አስተናጋጁ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። አባቴ ዳቦ በጣልያንኛ ሲጠይቁት ገረመውና የት ተማሩ አላቸው። «ጋራዥ!» አሉት። ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ እያሉ ዘረዘሩለት። ሰውዬው በሳቅ ሞተ፤ ሌላውን አስተናጋጅ ጠርቶ አስደገማቸው። አባቴ እንዲያ ሲጫወቱ ካየሁ ዓመታት አልፈው ነበር። ከዚያ ሰውዬው ስለ ቤተሰባቸው ጠየቀ መሰለኝ፣ ድንገት ድምፃቸው ተለወጠና «ሚዮ ፓድሬ፣ ሞርቶ፣ አዲስ አበባ» አሉ። አባቴ ሞቷል ማለታቸው ነው። ዓመቱን ሊነግሩት ሞክረው አቃታቸው። ቁጥር የሚያውቁት በመፍቻ ልክ ነዋ፤ ከ32 በላይ አይሄድም።

ሰውዬው አዝኖ አንድ ነገር ጠየቀ። ልጄን አየናት። «በመኪና አደጋ ነው ወይ ይላል» አለች።

ሲያወሩ የቆዩት ስለ መኪና ነዋ! ማንም አልተናገረም። ልጄ «አባባ፣ ልንገረው?» አለች፤ ፊቷ ቀልቷል። አባቴ ሰውዬውን አዩት፤ እጁ ትከሻቸው ላይ ነበር። «ተይው። ይቀዘቅዛል» አሉና ማንኪያቸውን አነሡ።

እኔ መናገር ነበረባት ብዬ ተናድጄ ነበር፤ ለባለቤቴም ነገርኩት። ዛሬም ቁርጥ ያለ ሐሳብ የለኝም። ከሰዓት በኋላ የቅዱስ ጴጥሮስን አደባባይ አየን፣ ጄላቶ በላን፣ እግራችን አለቀ።

ማታ አውቶቡስ ውስጥ አባቴ ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው «ጣልያኖች ገደሉት፣ እንዴት ነው የሚባለው?» አሏት። ነገረቻቸው። በምሳው ደረሰኝ ጀርባ በፊደላችን ጻፉት። ሆቴል እስክንደርስ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ያው ቡና ቤት ገባን፤ ባለቤቱ ምን ልስጥዎት አላቸው። «ማኪያቶ» አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ቁጭ ብለው ጠጡ።

አባቴ ዓምና አረፉ። ደረሰኙ ቦርሳቸው ውስጥ ተገኘ፤ ልጄ ወስዳዋለች። እኔ ጋ ያለው ደብተር ነው። ከዚያ ጉዞ በኋላ በስልክ እየጠየቅኋቸው የጋራዥ ቃላቸውን ከነትርጉሙ መዘገብኩ፤ ከመቶ ይበልጣል፤ አንዳንዱን ዛሬ ጣልያኖቹም የሚያውቁት አይመስለኝም። ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ። ከቋንቋ ክፍልም ሆነ ከሜካኒካል፣ የሚፈልግ መምህር ካለ ከሻይ በኋላ ያግኘኝ።